የኢሜይል ፎልደርን ለብቻው ማስቀመጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዌብሳይትና ኢሜይል በአንድ ሆስቲንግ ሰርቨር ላይ ሲኖሩ የተጠቃሚዎችን ኢሜይል በተለየ ፎልደር መያዝ የተለመደ ነው። እዚህ የምናወራው ፖስትፊክስ የሚባለው ፕሮግራም ኢሜይል እየተቀበለ ዶቭኮት የሚባለው ለተጠቃሚው ስለሚያሳየው፣ ደብዳቤውንም በሜይልዲር አቀማመጥ (እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው ፋይል ሆኖ «ቲኤምፒ»፣ «ኒው» እና «ከር» በሚባሉ ሦስት ፎልደሮች) ስለሚይዝ የሊኑክስ ሰርቨር ነው። ፎልደሩን መፍጠር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ባለቤቱ፣ ዲስኩና አዘዋወሩ ላይ ነው።

«ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ውስጥ ቢቀመጥም ማን ያገኘዋል?»

ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል የዌብሳይቱ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር ነው፤ ዌብ ሰርቨሩ ከሥሩ ያለውን ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። የፋይል ዝርዝር እንዳይታይ የሚያደርገው ማስተካከያ ከተረሳ የሰው ደብዳቤ በብሮውዘር ይነበባል። ሲፓነል የሚባለው የሆስቲንግ ማስተዳደሪያ እንኳ «ሜይል» የሚለውን ፎልደር ከፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ጎን ነው የሚያስቀምጠው፣ ውስጡ አይደለም።

«ለእያንዳንዱ ኢሜይል የሰርቨር ተጠቃሚ መፍጠር ግድ ነው»

ሎግኢን ማድረግ የማይችል አንድ የሲስተም ተጠቃሚ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ስሙ «ቪሜይል»፣ ቁጥሩ 5000 ይደረጋል። ፎልደሮቹ በእሱ ስም በ700፣ ፋይሎቹ በ600 ፈቃድ (ሁለቱም ለባለቤቱ ብቻ የተፈቀደ ማለት ነው) ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ዶሜይኑ፣ ከሥሩ የተጠቃሚው ስም። ቁጥሩን 150 አድርጎ የፈጠረ ሰው ሳጥኑ አልከፈት ይለዋል፤ ማስተካከያው ካልተነካ ዶቭኮት ከ500 በታች የሆነ ቁጥር አይቀበልምና። ሲቸግር 777 (ለሁሉም ክፍት የሆነ ፈቃድ) መስጠት ደግሞ የተጠለፈ የዎርድፕረስ ፕለጊን የሁሉንም ሳጥን እንዲያነብ መፍቀድ ነው።

«ቲኤምፒ ትርፍ ፎልደር ነው፣ ሌላ ዲስክ ላይ ቢሆን ለውጥ የለውም»

ደብዳቤ መጀመሪያ «ቲኤምፒ» ውስጥ ይጻፋል፣ ተጽፎ ሲያልቅ ወደ «ኒው» ይሄዳል፣ ተጠቃሚው ሳጥኑን ሲከፍት ወደ «ከር» ይገባል። ሲነበብ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «ኤስ» የምትል ፊደል ትታከላለች። ይህ ሁሉ የፋይል ስም መቀየር ብቻ ስለሆነ በግማሽ የተጻፈ ደብዳቤ ለማንም አይታይም። ስም መቀየር ግን የሚሠራው በአንድ ፋይል ሲስተም (በአንድ የዲስክ ክፍል) ውስጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱ አይነጣጠሉም።

«ዲስኩ ባዶ ቦታ ካለው ኢሜይል ይገባል»

ሜይልዲር ላይ አንድ ደብዳቤ አንድ ፋይል ነው፣ እያንዳንዱ ፋይልም አንድ አይኖድ (ፋይል ሲስተሙ ስለ ፋይሉ መረጃ የሚይዝበት መዝገብ) ይበላል። ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ሲዘጋጅ፣ ሌላ ካልተነገረው፣ ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ አይኖድ ይመድባል፤ 50 ጊጋባይት ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን ማለት ነው። ደብዳቤዎቹ 4 ኪሎባይት አካባቢ ቢሆኑ ዲስኩ ሩቡ ሲሞላ አይኖዱ ያልቃል። ሰርቨሩ «ቦታ የለም» ይላል፣ አስተዳዳሪው ሲያይ ሦስት አራተኛው ባዶ ነው! «ዲኤፍ» የሚለውን ትእዛዝ በ«አይ» አማራጭ ማየት ነው። ኤክስት4 ላይ ቁጥሩ በኋላ ስለማይጨመር ከመጀመሪያው ማሰብ ወይም አይኖድን እንደ አስፈላጊነቱ የሚመድበውን ሌላ ፋይል ሲስተም፣ ኤክስኤፍኤስን፣ መምረጥ ያዋጣል።

«ማዛወር ማለት ኮፒ አድርጎ አሮጌውን ማጥፋት ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። በሩት (በሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ ተጠቃሚ) ዝም ብሎ ኮፒ ሲደረግ የፋይሎቹ ባለቤት ሩት ይሆናል፣ ቪሜይልም መክፈት አይችልም። ባለቤትነትን በሚጠብቀው የ«ኤ» አማራጭ አርሲንክን መጠቀም ይሻላል። የመጀመሪያው ዙር ሰርቨሩ እየሠራ ይሂድ፤ ከዚያ ፖስትፊክስና ዶቭኮት ይቁሙና ሁለተኛው ዙር ምንጩ ላይ የሌለውን ከመድረሻው እንዲያጠፋ ታዞ ይሂድ። ያለዚህ በመሃል የተነበበ ደብዳቤ ስሙ ስለተቀየረ በአሮጌውም በአዲሱም ስም ይቀራል፣ ሳጥኑ ውስጥ ሁለቴ ይታያል። ሰርቨሩ ለአጭር ጊዜ ቢቆም ደብዳቤ አይጠፋም፣ ላኪው ሰርቨር ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ለምሳሌ ካልተቀየረ እስከ 5 ቀን ይታገሣል።

«ዶቭኮት-ዩአይዲሊስት» የሚለው ፋይል ከሳጥኑ ጋር ካልሄደ የደብዳቤዎቹ መለያ ቁጥር ሁሉ ይቀየራል፣ የተጠቃሚው ስልክም ሙሉ ሳጥኑን እንደ አዲስ ያወርዳል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የ«ካሽ» ፋይሉ ግን ቢጠፋም ዶቭኮት ራሱ መልሶ ይሠራዋል።

አዲሱን መንገድ ዶቭኮት ላይ ብቻ ቀይሮ ፖስትፊክስ ራሱ በአሮጌው ቦታ እያደረሰ ከሆነ ሎጉ «ደርሷል» ይላል፣ ሳጥኑ ባዶ ነው። ማድረሱንም በኤልኤምቲፒ (ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ለዶቭኮት በሚያስረክብበት ፕሮቶኮል) ለዶቭኮት መስጠት ነው፤ መንገዱ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል። ዶቭኮት 2.4 ላይ የሳጥኑን ቦታ የሚያመለክተው የአሮጌው «ሜይል ሎኬሽን» መስመር በሌሎች ስለተተካ የ2.3ን ኮንፊግ እንዳለ መገልበጥ አይሠራም።

«ለብቻው ስለተቀመጠ ባካፕ አለው»

ዲስኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሌላ ሰርቨር ላይ ቅጂ የሌለው ፎልደር ባካፕ የለውም።