በአሜሪካ የታሰረና የተፈታ ሰው እንዴት ይፈለጋል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአገራችን ሰው ሲያዝ ቤተሰብ ስንቅ ቋጥሮ ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል። ስንቁን የተቀበለው ጣቢያ ሰውየው እዚያ እንዳለ በዚያው ነገረ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ስንቅ የሚቀበል በር የለም፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚያየው የእስረኞች መዝገብ ግን አለ። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ መንግሥት ሰውን ይዞ መሰወር እንዳይችል ያደርጋል። ሆኖም በማኅበረሰባችን ውስጥ ስለዚህ መዝገብ የሚነገሩ ብዙ የተሳሳቱ ነገሮች አሉ። ስህተቶቹ ቤተሰብን ያስጨንቃሉ፣ ገንዘብ ያስበላሉ፣ አንዳንዴም ያልተፈረደበትን ሰው ስም ያጠፋሉ።

"የታሰሩት ሁሉ በአንድ ዝርዝር ላይ ይገኛሉ"

እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም። አሜሪካ ውስጥ እስረኛ የሚይዙ አካላት ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱ መዝገብ አለው። የመጀመሪያው "ጄል" የሚባለው የካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክፍል) ማረፊያ ቤት ነው። በአብዛኛው ሸሪፍ በሚባለው የካውንቲው የሕግ አስከባሪ ኃላፊ ይመራል፤ ፍርድ የሚጠባበቁ ተጠርጣሪዎችንና ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ቅጣት የተጣለባቸውን ይይዛል። ከዚያ በላይ የተፈረደበት ወደ ግዛቱ ማረሚያ ቤት ይዛወራል። በፌደራል ወንጀል የተፈረደበት ደግሞ በፌደራል ማረሚያ ቤቶች ቢሮ ሥር ይሆናል። በኢሚግሬሽን ጉዳይ የተያዘ ሰው በብዙዎች ዘንድ "አይስ" ተብሎ በሚታወቀው መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ይገባል። አገሪቱ ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች ስላሏት፣ ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ "የት ቦታ ተያዘ? የያዘውስ ማን ነው?" የሚለው ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የዋሽንግተን አካባቢ እንይ። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ማረፊያ ቤት የለውም፤ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥር ነው። ቨርጂኒያ ላይ ነገሩ ይበልጥ ያደናግራል። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ከካውንቲ ውጭ የሆነ ራሱን የቻለ ከተማ ነው፣ ማረፊያ ቤቱም የራሱ ነው። ነገር ግን የፖስታ አድራሻቸው "አሌክሳንድሪያ" የሚል በርካታ ሰፈሮች በእርግጥ ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ልጁ አሌክሳንድሪያ ከሚገኘው ቤቱ ደጃፍ ተያዘ ብላ የአሌክሳንድሪያን መዝገብ የምታገላብጥ እናት፣ ልጇ ፌርፋክስ ማረፊያ ቤት ተቀምጦ "የለም" የሚል መልስ ልታገኝ ትችላለች።

ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። በ1997 ("ዓ.ም." ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣ ሕግ መሠረት ዲሲ የራሱን ማረሚያ ቤት ዘግቷል፤ ሎርተን ይባል የነበረው ግቢ ባዶ የሆነው በ2001 ነው። ከዚያ ወዲህ በዲሲ ፍርድ ቤት በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የሚላከው ወደ ፌደራል ማረሚያ ቤቶች ነው፤ ያም ብዙ መቶ ማይል ርቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍርድ እስኪያገኝ በዲሲ ማረፊያ ቤት የነበረው ሰው ስሙ ከዚያ ዝርዝር ሲጠፋ፣ ቀጥሎ መታየት ያለበት የፌደራሉ መፈለጊያ ነው። ይህ መፈለጊያ ከ1982 ወዲህ በፌደራል ማረሚያ ቤት ያለፈን ሰው ሁሉ በስም ወይም በእስረኛ ቁጥር ያሳያል።

"ስሙ ካልወጣ አልታሰረም"

ወገኖቻችንን ከሁሉ በላይ የሚያንገላታው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ችግሩ ያለው በስሙ አጻጻፍ ላይ ነው።

የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። በማኅበረሰቡ "አበበ ከበደ" የሚባል ሰው በፓስፖርቱ ላይ የመጨረሻ ስም ተደርጎ የተጻፈለት የአያቱ ስም ሊሆን ይችላል። አያቱ ወልደ ማርያም ከሆነ ደግሞ "ወልደ" ወደ መካከለኛ ስም ሄዶ "ማርያም" ብቻ የመጨረሻ ስም ሆኖ ይመዘገባል፤ ሌላ ቦታ ሁለቱ ተጣብቀው ይጻፋሉ። የፊደሉም ጣጣ አለ። "ጸጋዬ" በላቲን ሲጻፍ በ"ቲ" እና "ኤስ" ሊጀምር ይችላል፣ በ"ኤስ" ብቻም ሊጀምር ይችላል፤ መጨረሻው በ"ኢ" ያልቃል ወይም አያልቅም። መዝጋቢው ፖሊስ ከመንጃ ፈቃድ ገልብጦ ከሆነ አንድ ዓይነት፣ ከአፍ ሰምቶ ከሆነ ሌላ ዓይነት ይጽፋል።

የብዙ ካውንቲዎች መፈለጊያ የስሙ የመጀመሪያ ጥቂት ፊደላት ብቻ ቢገቡለትም ይሠራል። ስለዚህ ሙሉውን ስም ከመጻፍ ይልቅ ሦስት ፊደል አስገብቶ የሚወጣውን ዝርዝር ማየት ይሻላል። ከዚያ የአባትን ስም፣ የአያትን ስም፣ በመጨረሻም የራሱን ስም በመጨረሻ ስም ቦታ እያስገቡ መሞከር ነው።

የኢሚግሬሽኑ መፈለጊያ ግን ለዚህ አይመችም። በስም ሲፈለግ አጻጻፉ ከመዝገቡ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ የትውልድ አገርም ይጠይቃል። በእኛ አቆጣጠር ከ1985 ዓ.ም. በፊት አስመራ የተወለደ ሰው አገሩ "ኤርትራ" ተብሎ ይሁን "ኢትዮጵያ" በየትኛው ወረቀት ላይ በምን እንደተጻፈ ቤተሰቡ ላያውቅ ይችላል፤ ሁለቱንም መሞከር ነው። ከስሙ ይልቅ አስተማማኙ በሥራ ፈቃድ፣ በግሪን ካርድና ከኢሚግሬሽን በሚመጣ ደብዳቤ ላይ የሚገኘው "ኤ ነምበር" የሚባለው የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር ነው። መፈለጊያው የሚቀበለው ዘጠኝ አኃዝ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ካነሰ ከፊቱ ዜሮ ይጨመራል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ይህን ቁጥር ዛሬውኑ ጽፎ ቢያስቀምጥ በጭንቅ ቀን የሚቆጥበው ጊዜ ቀላል አይደለም። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ሰው ግን በዚህ መፈለጊያ ፈጽሞ አይገኝም።

የትውልድ ቀንም ያሳስታል። በስደተኝነት የመጡ ብዙ ሰዎች በወረቀታቸው ላይ የተወለዱበት ቀን ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል፤ አንዳንዱ ዓመት ደግሞ ከእኛ አቆጣጠር ሳይቀየር የተገለበጠ ነው።

ሰው ተይዞ ስሙ መዝገብ ላይ እስኪወጣም ሰዓታት ያልፋሉ። አሻራ ይነሣል፣ ፎቶ ይወሰዳል፣ የግል ዕቃው ይቆጠራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ስሙ የሚገባው። በፌደራል ክስ ተይዞ ፍርድ የሚጠባበቅ ሰው ደግሞ የፌደራል ፍርድ ቤት እስረኞችን በሚጠብቁት በአሜሪካ ማርሻሎች ኃላፊነት ሥር ሆኖ በካውንቲ ማረፊያ ቤት ሊቀመጥ ስለሚችል፣ የፌደራሉ መፈለጊያ ላያሳየው ይችላል። መፈለጊያው ዝም ካለ ወደ ማረፊያ ቤቱ ስልክ መደወል ነው። ሠራተኛ ስሙን በተለያየ አጻጻፍ እንዲሞክር መጠየቅ መብት ነው።

"'ተለቋል' ካለ ወደ ቤቱ እየመጣ ነው"

በማረፊያ ቤት መዝገብ ላይ "ተለቋል" ማለት ሰውየው ከዚያ ሕንጻ ወጥቷል ማለት ብቻ ነው። በዋስ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ገንዘብ፣ ቀጠሮውን አክብሮ እንደሚቀርብ ፈርሞም ሊሆን ይችላል። ክሱ ተቋርጦ ይሆናል። ሌላ ካውንቲ የመያዣ ትእዛዝ አውጥቶበት ተረክቦት፣ ወይም ወደ ግዛቱ ማረሚያ ቤት ተዛውሮም ሊሆን ይችላል።

ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉም የሚከብደው በአይስ መወሰድ ነው። አይስ አንድ ማረፊያ ቤት ሊለቀው ያለውን ሰው እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንዲያቆይለት ይጠይቃል። አንዳንድ ካውንቲዎች ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹ አይቀበሉም። ተቀብለው ሲያስረክቡ ግን በካውንቲው ዝርዝር ላይ የሚቀረው ያው "ተለቋል" የሚለው ቃል ነው። የዋስትና ገንዘብ ከፍሎ ደጅ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሰዉ ሳይመጣ ሲመሽበት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ "ተለቋል ወይ?" አይደለም፤ "ለማን ተላለፈ?" ነው። ዋስትና ከመክፈል በፊት የአይስ ጥያቄ እንዳለበት ማጣራትና ጠበቃ ማማከር ይገባል፤ ይህን ሳያጣሩ ገንዘባቸውንም ሰዉንም ያጡ ቤተሰቦች ሐዘን ልብ ይሰብራል።

የፌደራሉ መፈለጊያም "በቢሮው ቁጥጥር ሥር አይደለም" ብሎ ሲጽፍ፣ ሰውየው በሌላ አካል እጅ ሊሆን እንደሚችል ይታወቅ። እዚያ የሚታየው የመፈቻ ቀንም የሚለዋወጥ ነው። በመልካም ጠባይ በዓመት እስከ 54 ቀን ሊቀነስ ይችላል፣ በ2018 የወጣው ሕግ ያመጣቸው ሌሎች ቅነሳዎችም አሉ። ለዚያ ቀን የአውሮፕላን ትኬት አስቀድሞ መቁረጥ አይመከርም።

"ተፈቷል ማለት ክሱ አልቋል"

አላለቀም። የክሱ ሂደት ያለው በፍርድ ቤት መዝገብ ነው። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች የራሳቸው ነጻ መፈለጊያ አላቸው፤ ቀጣዩ ቀጠሮ፣ የክሱ ዓይነትና ውጤቱ እዚያ ይገኛል። የፌደራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ በገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል፤ ለአንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም፣ በሦስት ወር ውስጥ የተጠቀሙት ከ30 ዶላር ካልበለጠም ክፍያው ይቀራል።

"ፎቶው ወጥቷል፣ ስለዚህ ጥፋተኛ ነው"

ፎቶው የሚነሣው ሰው ሲመዘገብ ነው፤ ያኔ ዳኛ አላየውም፣ ብዙ ጊዜ ዐቃቤ ሕግም ገና አልከሰሰውም። እንዲህ ያለ ፎቶ በቴሌግራም ሲዘዋወር፣ በለቅሶ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲወራ አይተናል። ክሱ ከሳምንት በኋላ ሲዘጋ ግን ያን የሚያስተላልፍ ሰው የለም። ይህን ማድረግ ነውር ነው፤ ሕጉ ስላልከለከለ ትክክል አይሆንም።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። ፎቶዎቹን ለቅመው የሚለጥፉና ከገጻቸው ለመሰረዝ ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾች ተፈጥረው ነበር። ጆርጂያ በ2013 በዚህ ላይ ሕግ አወጣች፤ ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ ለመሰረዝ ማስከፈልን ከለከለች፤ በ2018 ደግሞ የአንዱ ድረ ገጽ ባለቤቶች እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ በማስፈራራት ገንዘብ በመቀበል ተከሰሱ። ከ2022 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ፖሊሶች ኃይል ባልተቀላቀለበት ወንጀል የተጠረጠረን ሰው ፎቶ በማኅበራዊ ገጾቻቸው ላይ እንዳይለጥፉ ተከልክለዋል፤ ለየት ያሉ ሁኔታዎች ግን ተፈቅደዋል።

"የከፈልኩበት ድረ ገጽ ሙሉውን ይነግረኛል"

የሰው ታሪክ በ20 ወይም በ30 ዶላር የሚሸጡ ድረ ገጾች የሚያቀርቡት በአብዛኛው ከነጻ መዝገቦች የተለቀመ ነው። ጊዜው ያለፈበት ይሆናል፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሰዎችም ያቀላቅላል። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ከፍተው ሠራተኛ የሚቀጥሩ ወገኖች በተለይ ይጠንቀቁ። በ1970 የወጣው የፌደራል ሕግ ለቅጥር የሚደረግ ማጣራት በሕጉ በሚመራ ድርጅት፣ በአመልካቹ የጽሑፍ ፈቃድ እንዲሆን ያዝዛል። ብዙዎቹ ድረ ገጾች ለቅጥርም ለቤት ኪራይም ማገልገል እንደማይችሉ ከገጻቸው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ጽፈዋል።

"ኤምባሲው ያውቃል"

በ1963ቱ የቪየና ስምምነት መሠረት የውጭ አገር ዜጋ ሲያዝ መብቱ ይነገረዋል፤ ቆንስላው የሚነገረው በመርህ ደረጃ እስረኛው ከፈለገ ነው። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ከሆነ ቤተሰብ በራሱ ወደ ኤምባሲ ከመደወሉ በፊት ከጠበቃው ጋር ይነጋገር።

"ዝርዝሩን ካወቀ፣ ደዋዩ ከማረፊያ ቤት ነው"

መዝገቡ ክፍት መሆኑን አጭበርባሪዎችም ያውቃሉ። እናት ስልክ ይደወልላታል፤ ደዋዩ "ሳጅን ነኝ" ይላል፣ የልጇን ሙሉ ስም፣ የተያዘበትን ቀን፣ የክሱን ዓይነት አንድም ሳይስት ይናገራል። ከዚያ ለእግር መቆጣጠሪያ መሣሪያ ወይም ለዋስትና ገንዘብ አሁኑኑ በስልክ ወይም በስጦታ ካርድ እንድትልክ ያጣድፋታል። ያወራው ሁሉ በድረ ገጽ የተጻፈ ነው፤ የማረፊያ ቤት ሠራተኛ በስጦታ ካርድ ዋስትና አይቀበልም። ስልኩን ዘግቶ በማረፊያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ወዳለው ቁጥር ራስ መደወል ነው።

"የተበደለችው ሴት እሱ ሲፈታ ይነገራታል"

በ1993 በኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ ውስጥ ሜሪ ባይረን የምትባል ወጣት በ21ኛ የልደት ቀኗ ተገደለች። ገዳዩ የቀድሞ ጓደኛዋ ነበር፤ በእሷ ላይ በፈጸመው ጥቃት ታስሮ ሳለ በዋስ መለቀቁን የነገራት ሰው አልነበረም። ከሞቷ በኋላ በ1994 እዚያው ሉዊቪል ውስጥ "ቫይን" የተባለው የማሳወቂያ አገልግሎት ተጀመረ፤ አሁን በአብዛኞቹ ግዛቶች ይሠራል።

ነገር ግን አገልግሎቱ ደውሎ የሚያሳውቀው የተመዘገበን ሰው ነው። ምዝገባው ነጻ ነው፣ የተመዘገበችው ማን እንደሆነች ለእስረኛው አይነገርም፤ በስልክ፣ በጽሑፍ መልእክት ወይም በኢሜይል መቀበል ይቻላል። በስልክ ሲደወል መልእክቱ መድረሱን ለማረጋገጥ በምዝገባ ጊዜ የተመረጠው የምስጢር ቁጥር መግባት አለበት፤ ካልገባ ስልኩ ደጋግሞ ይጠራል። ስልክ ቁጥር ሲቀየር ምዝገባው መታደስ አለበት። ሰውየው ከካውንቲ ወደ ግዛት ማረሚያ ቤት ከተዛወረም አዲስ ምዝገባ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቆ ማረጋገጥ ነው። መልእክቱ ሊዘገይ ስለሚችል፣ የምትፈራ ሴት በእሱ ላይ ብቻ ሳትተማመን ሰውየው እንዳይቀርባት የሚከለክል የመከላከያ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት ትጠይቅ፤ ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ የተበዳዮች ረዳት ጋርም አስቀድማ ትነጋገር።