አንቀጽ 93፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና የጦርነት ሥልጣን በኢትዮጵያ

አገር ጭንቅ ውስጥ ስትገባ መንግሥት እስከ ምን ድረስ መሄድ ይችላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በዋናነት አንቀጽ 93 ላይ ነው ያለው።

ታሪኩን ባጭሩ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጦርነት ማወጅ የንጉሠ ነገሥቱ መብት ነበር። የ1948ቱ ደግሞ የፓርላማውን ምክርና ፈቃድ ጨመረበት። ደርግ መስከረም 1967 ያንን አገደው፤ እስከ 1979 ድረስም አገሪቱ ያለ ሕገ መንግሥት ቆየች። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት በዚሁ መሃል ነው ያለፈው።

አሁን ባለው ሕግ ጦርነት የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት (ከዚህ በኋላ «ምክር ቤቱ») ነው፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርብለት ረቂቅ (አንቀጽ 55)። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ አዛዥ ነው፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ግን ሲቪል መሆን አለበት። ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነገር ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚታወጀው በ4 ምክንያት ነው፦ የውጭ ወረራ፣ በመደበኛው ሕግ ማስከበር ሊገታ የማይችልና ሥርዓቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሁከት፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ ወረርሽኝ። ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት፣ ዕረፍት ላይ ከሆነ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። ለምሳሌ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአማራ ክልልን በሚመለከት የታወጀው ነሐሴ 8 ጸደቀ። ጥር 2016 ላይም ለ4 ወር ተራዘመ። መጀመሪያ የሚጸድቀው ቢበዛ ለ6 ወር ነው፣ ከዚያ በየ4 ወሩ ማደስ ይቻላል፣ በ2/3ኛ ድምፅ። የጥቅምት 2014ቱ ግን 6 ወሩ ሳይሞላ የካቲት ላይ ተነሳ።

የድምፁ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማጽደቅ በተደረገው ድምፅ አሰጣጥ መጀመሪያ 346 ድጋፍ ተብሎ ተነገረ፤ ከዚያ ስህተት ነው ተብሎ ወደ 395 ተስተካከለ። 88 አባላት ተቃውመዋል። የምክር ቤቱ መቀመጫ 547 ነው፣ የዚህ 2/3ኛ 365 ይሆናል። እንግዲህ የመጀመሪያው ቁጥር ከመስመሩ በታች፣ ሁለተኛው ከመስመሩ በላይ ነው። በወቅቱ ብዙ አነጋግሯል፤ መነጋገሩም ተገቢ ነበር።

በአዋጅ የማይነኩ ተብለው የተዘረዘሩት አንቀጽ 1 (የአገሪቱ ስያሜ)፣ 18 (ኢሰብዓዊ አያያዝ)፣ 25 (እኩልነት)፣ 39(1) እና (2) (የብሔሮች ራስን በራስ የመወሰን፣ የቋንቋና የባህል መብት) ናቸው። አንቀጽ 15፣ በሕይወት የመኖር መብት፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በሰላም ጊዜ ላይታይ ይችላል፤ ጥይት በሚተኮስበት ቀን ግን ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንዳንድ የሕግ ሰዎች ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ክፍተቱን ይሞላዋል ይላሉ፤ ክርክሩ ያስኬዳል። እኔ ግን እዚያው ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፎ ማየት ነው የምፈልገው።

አዋጁ ሲጸድቅ ምክር ቤቱ ከአባላቱና ከሕግ ባለሙያዎች መርጦ 7 ሰዎች ያሉበት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል። ቦርዱ በአዋጁ የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በ1 ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ልጇ ከቤት ተወስዶ የት እንደገባ ያጣች እናት ጣቢያ ለጣቢያ ስትዞር፣ ሕጉ የሚሰጣት ያንን የስም ዝርዝር ነው።