ሽፋን በሌለው የጥጥ ወረቀት ላይ ፎቶ ማተም

ለኢንክጄት (ቀለም እየረጨ ለሚያትም) ፕሪንተር ተብሎ የሚሸጥ የፎቶ ወረቀት በአብዛኛው ቀለሙን ፊቱ ላይ የሚይዝ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋን የሌለው የጥጥ ወረቀት ግን ጥጥ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የታወቀው የፈረንሳዩ አርሽ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1492 የተቋቋመ ሲሆን የውሃ ቀለም ወረቀቱ ጄላቲን የጠጣ ነው፤ ጄላቲኑ እርጥበት ቶሎ እንዳይሰርግ ያደርጋል።

ፎቶን በኢንክጄት ለጥበብ የማተም ሙያ ራሱ የተጀመረው በዚህ ዓይነት ወረቀት ነው። ሙዚቀኛውና ፎቶ አንሺው ግራሃም ናሽ ከጓደኛው ከማክ ሆልበርት ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ፣ ማንሃተን ቢች ውስጥ ናሽ ኤዲሽንስ የተባለ የህትመት ስቱዲዮ ከፈተ። ማሽናቸው አይሪስ 3047 ይባላል፤ ዋጋው 126,000 ዶላር ነበር። የተሠራው ለማተሚያ ቤቶች የቀለም ናሙና ማውጫ እንጂ ለፎቶ ጥበብ አልነበረም። ወረቀቱ ከበሮ ላይ ተጠቅልሎ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ቀለሙም እየተረጨ ያርፍበታል። ወፍራም ወረቀት ስለማያስገባ ማሽኑን ፈታተው አስተካከሉት። ዋስትናው ቀረ፤ ህትመቱ ግን ወጣ። እንዲህ ያለ ድፍረት ባይኖር ዛሬ ጋለሪ ውስጥ የምናየው የኢንክጄት ፎቶ ብዙ በዘገየ ነበር። ማሽኑ አሁን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ለእንዲህ ያለ ህትመት «ጂክሌ» የሚለውን ስም በዚያው በ1991 ያወጣው ናሽ ኤዲሽንስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጃክ ዱጋን ነው። ቃሉ የመጣው መርጨት ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ ነው። አንዳንዶች የገበያ ስም ነው ብለው ይንቁታል፤ ምናልባት እውነት አላቸው።

የአይሪስ ቀለም ቶሎ ይደበዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የፒግመንት ቀለም (በፈሳሹ ውስጥ ከማይሟሟ ደቃቅ ብናኝ የሚሠራ) ሲመጣ ይህ ችግር በእጅጉ ቀለለ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ሽፋን ስለሌለ ጠብታው በጥጡ ክር ውስጥ ይሰራጫል። ጥቁሩ ድፍን ጥቁር አይሆንም፤ ወደ ከሰል ያደላል። የጥላው ዝርዝርም ይዋጣል። ስለዚህ ማት ጥቁር (ለማያብረቀርቅ ወረቀት የሚሆን) ቀለም ይመረጣል፣ የቀለሙ መጠን ይቀነሳል፣ ጥላው ቀድሞ ፈካ ይደረጋል። ለየወረቀቱም የራሱ ፕሮፋይል (ቀለሙ በዚያ ወረቀት ላይ በትክክል እንዲወጣ የሚያደርግ ፋይል) ያስፈልጋል። ሌሊት የተነሳ የከተማ ፎቶ እዚህ አይሆንም። ጭጋግ፣ የሽማግሌ ፊት፣ የነጠላ እጥፋት ግን ሌላ ወረቀት ላይ እንዲህ አያምርም።

ከማተም በፊት ወረቀቱን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ግድ ነው። አንዲት የጥጥ ብናኝ ከቀረች ቀለሙ እሷ ላይ ያርፋል። ስትረግፍ ሰማዩ መሃል ነጭ ነጥብ ትታ ትሄዳለች።