ፀሐይ በሞላበት አገር ቫይታሚን ዲ እንዴት ያጥራል?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የፀሐይ ችግር የለባትም። ያም ሆኖ የእጁ አንጓ ያበጠ፣ እግሩ የተንጋደደ፣ እርግብግቢቱ በጊዜ ያልገጠመ ሕፃን በየሆስፒታሉ ይታያል። ሪኬትስ ይባላል፤ ቆዳ በፀሐይ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ሲያጥር የልጅ አጥንት የሚለሰልስበት ሕመም ነው። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ከሌላው 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ፀሐይዋ አለች፤ ቆዳው ላይ ግን አትደርስም። ከሚያግዷት ነገሮች አንዱ በየቤቱ የምንሰማው አባባል ነው።

«የሚጠቅመው የማለዳ ፀሐይ ብቻ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ቫይታሚን ዲን የሚያሠራው ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው የማይታይ ጨረር ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ዝቅ ያለች ስለሆነች ጨረሩ በአየር ውስጥ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ አብዛኛውንም በላይኛው አየር ያለው ኦዞን የተባለ ጋዝ ያስቀረዋል። ሕፃኑ ይሞቀዋል እንጂ ብዙም አያገኝም።

መለኪያው ጥላ ነው። ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ጨረሩ ጠንክሯል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ እንደ ወሩ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይጀምራል። ለጨቅላ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ይሻላል፦ ጨረሩ አለ፣ ገና አያቃጥልም። ዳይፐር ብቻ አስቀርቶ ልብሱን ማውለቅ፣ ፊቱንና ዓይኑን በጥላ መከለል፣ በ5 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 15 ማድረስ፣ መሀል ላይ ማገላበጥ። ቆዳው ከቀላ በዝቷል። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ለሕፃን አይሆንም።

«መስኮት ስር ፀሐይ ይሞቃል፤ ይበቃዋል»

አይበቃውም። የመስኮት መስታወት አልትራቫዮሌት ቢን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል፤ ቆዳ የሚያስረጀውን አልትራቫዮሌት ኤ ግን በብዛት ያሳልፋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ ልጅ ላይ ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ ይፈጸማል። በረንዳ ካለ መስታወቱን መክፈት ነው።

«ቅቤ ካልተቀባ ፀሐይዋ አትሠራም»

ቫይታሚኑን የሚሠራው ቆዳው ራሱ ነው፤ ጥሬ ዕቃው እዚያው አለው። ማሸቱ ለሕፃኑ ደስ ይለዋል፣ ይተኛበታል፤ ቫይታሚን ግን አይጨምርለትም።

«ምች ይመታዋል»

ይህ ፍርሃት ሕፃኑን ለወራት እቤት ያስቀምጠዋል። የሚገርመው ግን ከባዶ አልተነሣም፦ ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ብዙ ጊዜ የሄርፒስ ቫይረስ ነው፣ ኃይለኛ ፀሐይም ቫይረሱ በውስጡ ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል። የ10 ደቂቃ የረፋድ ፀሐይ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ጥቁር ቆዳ ስላለን ፀሐይ አያሳስበንም»

ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን የተባለ ቀለም ከቃጠሎ ይከላከላል፤ ያንኑ ጨረር ስለሚይዝ ግን ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ችግር የለውም። ስቶክሆልም ወይም ቦስተን ሲሆን ግን ጉዳዩ ይለያል፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ ስለምትዘቀዝቅ የትኛውም ቆዳ ከእሷ ቫይታሚን ዲ አይሠራም ማለት ይቻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከቤት የማይወጡ ሠራተኞችም በፀሐይ መሀል ሆነው ያጥራቸዋል። አልቢኒዝም ያለበት (ቆዳው ይህ ቀለም የሚያጥረው) ሰው ደግሞ ፀሐይ መሞቅ የለበትም፤ ለእሱ መድኃኒቱ ጠብታ ወይም እንክብል ነው።

«የእናት ጡት ሁሉንም ይዟል»

ከዚህ አንዱ በስተቀር። የጡት ወተት በሊትር ብዙውን ጊዜ ከ80 ዩኒት (የቫይታሚን መለኪያ) በታች ቫይታሚን ዲ አለው፤ ሕፃኑ በቀን 400 ይፈልጋል። ጡት ማጥባቱ ይቀጥል፣ ቫይታሚኑ ይጨመር። ለአዋቂም ምግብ ብቻውን አይሞላውም፦ ከ1 እስከ 70 ዓመት ላለ ሰው በቀን 600 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 800 ያስፈልጋል፤ አንድ የእንቁላል አስኳል ግን 40 ገደማ ቢሰጥ ነው፣ እሱም በጾም አይበላም።

«ብዙ ቢወሰድ አይጎዳም»

ከፀሐይ አይበዛም፤ ቆዳ ትርፉን ወደማይሠራ ነገር ይለውጠዋል። በመርፌና በእንክብል ግን ይበዛል። 300,000 ወይም 600,000 ዩኒት የያዘ መርፌ አለ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲደጋገም በደም ውስጥ ካልሲየም ይንራል፦ ማስታወክ፣ የሆድ ድርቀት፣ ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ የኩላሊት ጠጠር። ጥቅሙንም ማጋነን አይገባም፦ አሜሪካ ውስጥ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2018 የወጣ ጥናት፣ በቀን 2,000 ዩኒት መውሰድ ካንሰርንም የልብ ሕመምንም እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ለሕፃን ጠብታ ሲገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ያንብቡ። 400 ዩኒቱ በአንዱ ምርት አንድ ጠብታ ውስጥ ነው፣ በሌላው አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ። በጠብታ የሚለካውን በሚሊ ሊትር መስጠት ልጁን በየቀኑ ብዙ እጥፍ ማስዋጥ ነው፤ ለጠርሙሱ የተሠራውን መስጫም ለሌላ ጠርሙስ አይጠቀሙበት።