ባንዱን የለወጠው ዘፋኙ ነው?

«ጀነሲስን ያበላሸው ፊል ኮሊንስ ነው።» የሮክ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይህን መስማት ሰልችቶኛል። እንደ እነርሱ አባባል፣ በ1975 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ዘፋኙ ፒተር ጌብርኤል ይህን የእንግሊዝ ባንድ ለቀቀ፤ ከበሮ መቺው ኮሊንስ ማይክሮፎኑን ያዘ፤ ረጃጅሙና ውስብስቡ ሙዚቃ ወዲያው ፖፕ ሆነ።

የአልበሞቹን ዓመት ያየ ሰው ይህን አይልም። ኮሊንስ መሪ ድምፃዊ ሆኖ የሠራው የመጀመሪያው አልበም «ኤ ትሪክ ኦፍ ዘ ቴይል» በ1976 ወጣ። መክፈቻው በሰባት ምት የሚቆጠር፣ ለጭፈራ የማይመች ሥራ ነው፤ ሰባትና ስምንት ደቂቃ የሚሄዱ ዘፈኖችም አሉበት። በአልበሙ ስምንቱም ሥራዎች ላይ፣ ለብቻውም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በደራሲነት የሰፈረው የኪቦርድ ተጫዋቹ የቶኒ ባንክስ ስም ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቀጣዩ አልበምም ከዚህ መንገድ አልወጣም።

ለውጡ ጎልቶ የተሰማው ጊታሪስቱ ስቲቭ ሃኬት በ1977 ከሄደ በኋላ ነው። በ1978 የቀሩት ሦስቱ አጠር ያሉ ዘፈኖች ይዘው መጡ። ከእነዚያ መካከል ተወዳጅ የሆነውን የፍቅር ዘፈን ግጥም የጻፈው ከሦስቱ አንዱ የሆነው ማይክ ራዘርፎርድ ነው። ታዲያ ወቀሳው ሁሉ ለምን በኮሊንስ ላይ ይወርዳል? ፊት ለፊት የሚታየው እርሱ ስለሆነ ብቻ!

ሌላም ይላሉ፦ «ጌብርኤል ቢቆይ ፖፕ አይነኩም ነበር።» በ1986 በአሜሪካ የጀነሲስን ዘፈን ከአንደኝነት ያወረደው የራሱ የጌብርኤል የዳንስ ዘፈን ነው።

«ኮሊንስ መዝፈን የጀመረው ጌብርኤል ሲሄድ ነው።» አይደለም። በ1971 እና በ1973 አልበሞች ውስጥ በመሪነት የዘፈናቸው አሉ።

ስለ አሜሪካው የሮክ ባንድ ስለ ቫን ሄለንም እንዲሁ ይባላል፦ «ቫን ሄለንን በኪቦርድ የሞላው ዘፋኙ ሳሚ ሄገር ነው።» በኪቦርድ የሚታወቀው «ጃምፕ» የተባለው ዘፈናቸው ግን ሄገር ከመምጣቱ በፊት፣ በዴቪድ ሊ ሮዝ ድምፅ የወጣ ነው።

ዘፋኝ ምንም አይለውጥም አላልኩም። ብላክ ሳባት የተባለው የሮክ ባንድ ዘፋኙን ኦዚ ኦዝቦርንን አሰናብቶ ሮኒ ጄምስ ዲዮን ሲያመጣ ሙዚቃው በእርግጥ ተለውጧል። ኦዚ ብዙ ጊዜ የጊታሩን ዜማ ተከትሎ ይዘፍን ነበር፤ ዲዮ ግን ከጊታሩ የተለየ የራሱን ዜማ ይዞ ይሄዳል፤ ግጥሙንም ራሱ ይጽፋል።

እኔም በአንድ ሆቴል ባንድ ኪቦርድ ስጫወት ወንዱ ድምፃዊ ሄዶ ሴት ድምፃዊት መጣች። ለድምፅዋ እንዲመች ዘፈኖቹን ከነበሩበት ከፍታ ስናነሣ፣ ሳክስፎኑ ጎልቶ ከሚሰማበት ክልል ወጣና ጉልበት አጣ። ታዳሚው «አዲሷ ልጅ ባንዱን አቀዘቀዘችው» አለ። እርሷ ግን ድንቅ ድምፃዊት ነበረች፤ ጥፋቱ ለሳክስፎኑ አዲስ ቅንብር ያልጻፍነው የእኛ ነበር።

ስለዚህ ከመውቀሳችሁ በፊት የደራሲዎቹን ስም አንብቡ፤ ከዘፋኙ ሌላ ማን እንደሄደ ጠይቁ። የጀነሲስን ጉዳይ የሚጠራጠር የ1976ቱን የመጀመሪያ አልበምና የ1978ቱን አከታትሎ ይስማ። ዘፋኙ በሁለቱም ያው ኮሊንስ ነው፤ በሁለተኛው የማይገኘው የሃኬት ጊታር ነው።