በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ማይክሮፓምፕ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎጃም ፓምፕ ሲባል ለአብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው በበጋ መስኖ ወቅት ወንዝ ዳር ተተክሎ ለሽንኩርትና ለድንች ማሳ ውኃ የሚስበው ባለ ሞተር መሣሪያ ነው። በደብረ ማርቆስ ኤሌክትሮኒክስ ሳስተምር እንዳየሁት፣ ስለ ፒዬዞኤሌክትሪክ ማይክሮፓምፕ (ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ቅርጹን በሚለውጥ ሴራሚክ ፈሳሽን ስለሚገፋ ትንሽ ፓምፕ) የሚያዙት የተሳሳቱ ግምቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህንኑ ፓምፕ በሐሳብ አሳንሶ ከማየት ነው። የጣናን ውኃ ናይትሬትና ፎስፌት እዚያው ሐይቁ ዳር በጥቂት ጠብታ የሚለካ መሣሪያ ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ ፈሳሽን በማይክሮሊትር ልክ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልገዋልና፣ ግምቶቹን ማረም ይገባል።

«ውስጡ ትንሽ ሞተር አለ።» የለም። ዣክ እና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚያወጡ አሳዩ፤ በማግስቱ ዓመት ጋብሪኤል ሊፕማን ተቃራኒው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ቅርጻቸውን መለወጣቸው፣ እንደማይቀር በስሌት አመለከተ፣ ወንድማማቾቹም በሙከራ አረጋገጡት። የጋዝ ምድጃ መለኮሻ ብልጭታ የሚሰጠው በመጀመሪያው ክስተት ሲሆን ፓምፑ የሚሠራው በሁለተኛው ነው።

«ሴራሚኩ አብጦ ውኃውን ይገፋል።» የሴራሚኩ ውፍረት በ100 ቮልት የሚለወጠው ከማይክሮሜትር አንድ አሥረኛ በታች ነው፤ ይህ ብቻውን ምንም አይገፋም። ሥራውን የሚሠራው መጎበጥ ነው። ሴራሚኩ ከስስ የናስ ዝርግ ጋር ስለተጣበቀ ወደ ጎን ሲኮማተር ናሱ አብሮት መኮማተር አይችልም፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱ ተያይዘው እንደ ምጣድ ክዳን ይጎብጣሉ፣ መካከላቸውም በጥቂት ማይክሮሜትር ከፍና ዝቅ ይላል።

«ውኃው የሚገባበት ክፍል ሰፋ ቢል ብዙ ውኃ ይገፋል።» ከሁሉም በላይ ሥራ የሚያበላሸው ይህ ነው። ሴራሚኩና ናሱ አንድ ላይ የሚሠሩት፣ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ሽፋን መካከሉ በ5 ማይክሮሜትር ቢጎብጥ የሚገፋው መጠን 0.13 ማይክሮሊትር ያህል ብቻ ነው። ከሽፋኑ ሥር ያለው ክፍል በሰሌዳው የመዳብ ንጣፍ ውፍረት፣ በ35 ማይክሮሜትር፣ ቢሠራ ወደ 2.7 ማይክሮሊትር ይይዛል፤ በሰሌዳው ሙሉ ውፍረት፣ በ1.6 ሚሊሜትር፣ ቢቦረቦር ግን 125 ማይክሮሊትር ገደማ ይይዛል። ሁለቱም ገና ውኃ ሳይገባባቸው አየር ብቻ ቢይዙ፣ የመጀመሪያው ቢበዛ 36 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ የሚያነሣ ግፊት ሲፈጥር ሁለተኛው ከ8 ሚሊሜትር አያልፍም። ስሌቱን የሠራሁት በደብረ ማርቆስ አየር ነው፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ስለምትበልጥ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያነሰ ነው፣ አየር የያዘ ፓምፕም እዚህ በዚያው መጠን ይደክማል። በውኃ መካከል የተደበቀ አረፋም ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው፤ ሽፋኑ ውኃውን ከመግፋት ይልቅ አረፋውን እየጨመቀና እየለቀቀ ይውላል። ስለዚህ ውኃውን አፍልቶና አቀዝቅዞ መሙላት፣ የክፍሉንም ማዕዘኖች ማለስለስ ይገባል።

«ሰሌዳን ውኃ ከነካው አለቀለት።» መዳቡ በአሲድ ተበልቶ መስመር እንደሚወጣለት ሁሉ የውኃ ቦይም ይወጣለታል፤ በላዩ ሌላ ንጣፍ ሲለጠፍ ቦዩ ይዘጋል። በጀርመን የሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ በዚሁ ዘዴ ፓምፕና ቫልቭ ሠርተዋል። ሆኖም ስጋቱ መሠረት አለው፤ ከመዳቡ የሚሟሟው ለሕዋሳትና ለኢንዛይሞች ጎጂ ስለሆነ ቦዩ በመከላከያ መሸፈን አለበት።

«ያለ ቫልቭ ፓምፕ አይኖርም።» ኤሪክ ስቴሜ እና ዮራን ስቴሜ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሥራ መግቢያውንና መውጫውን ቀስ በቀስ በሚሰፉ ቦዮች ሠርተው፣ ፈሳሹ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ እንዲቀለው አድርገዋል። የተወሰነ ፈሳሽ ወደ ኋላ መመለሱ ግን አይቀርም።

«ቮልቴጅ በጨመረ ቁጥር ፍሰቱ ይጨምራል።» እስከ ልክ ድረስ። ቋሚ ቮልቴጅ ሽፋኑን አንድ ጊዜ አጉብጦ ያቆመዋል እንጂ ፍሰት አይሰጥም፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ልኩን ያለፈ ቮልቴጅ ደግሞ ሴራሚኩ ቅርጹን እንዲለውጥ የሚያስችለውን የውስጥ የኤሌክትሪክ አሰላለፍ ያጠፋዋል።

ሙቀትም እንዲሁ ያጠፋዋል። መጀመሪያ በሠራሁት ሰሌዳ ላይ ሴራሚኩን ቀድሜ አጣብቄ ሌሎቹን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በምድጃ ስበይድ፣ ሙቀቱ ወደ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ስለነበር፣ ሰሌዳው በመልኩ ምንም ሳይሆን ሴራሚኩ መጎበጥ አቆመ፤ ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ሽቦ ስፈትሽ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ የሚበየደውን ሁሉ አስቀድሜ እጨርሳለሁ፣ ሴራሚኩንም በመጨረሻ በተለመደው የቤት ውስጥ ሙቀት በሚደርቅ ኢፖክሲ ሙጫ አጣብቃለሁ።