ኤንክሌቭ ምንድን ነው?

የአንድ አገር መሬት ዙሪያውን በሌላ አንድ አገር ግዛት ከተከበበ ኤንክሌቭ ይባላል። በደቡብ አፍሪካ እንደተከበበችው ሌሶቶ ሙሉ አገር ሊሆን ይችላል። ጣጣው የሚበዛው ግን ከገዛ አገሩ ተነጥሎ ጎረቤት አገር ውስጥ በቀረ ቁራሽ መሬት ላይ ነው።

የስፔኖቹ ሴውታና ሜሊያ በዜና ላይ ኤንክሌቭ ሲባሉ ትሰሙ ይሆናል። ከሞሮኮ ጋር ቢዋሰኑም ባሕር ስላላቸው በጥብቅ አነጋገር አይደሉም። በመርከብ መውጣት ይቻላላ! ይህ ደግሞ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ የኤንክሌቭ ጭቅጭቅ ከመሬቱ ይልቅ የመንገዱ ነው።

ፖርቱጋል ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ሕንድ ውስጥ የነበሯት ዳድራና ናጋር ሃቬሊ እ.ኤ.አ. በ1954 ከእጇ ሲወጡ፣ "ሕንድ መተላለፊያ ከለከለችኝ" ብላ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች። በ1960 ፍርዱ ወጣ። ተራ ሰው፣ ሲቪል ባለሥልጣንና ሸቀጥ የማለፍ መብት ነበራቸው፤ ወታደር፣ ፖሊስና መሣሪያ ግን የላቸውም ተባለ። ሕንድም መንገዱን በመዝጋቷ አላጠፋችም። ያለ ታጣቂ የተነጠቀ ግዛት እንዴት ይመለሳል? ፖርቱጋል በወረቀት ላይ ትንሽ አሸነፈች እንጂ መሬቱን አላገኘችም።

መንገድ ላይ ውሃ ሲጨመርበት ይብሳል። ቮሩክ በኪርጊስታን የተከበበች የታጂኪስታን መሬት ናት። በአካባቢው በ2021 በውሃ መጥለፊያ ሰበብ ደም ፈሰሰ፤ በ2022 ደግሞ የባሰ ውጊያ ሆነ። ሁለቱ አገሮች የድንበር ስምምነት የፈረሙት በመጋቢት 2025 ነው።

ኩች ቤሃር እንደሚባለው አካባቢ የተወሳሰበ ግን አልነበረም። በሕንድና በባንግላዴሽ ድንበር ላይ 162 ኤንክሌቮች ነበሩ፤ 111 የሕንድ፣ 51 የባንግላዴሽ። ዳሃላ ካግራባሪ የምትባለዋ ማሳማ በባንግላዴሽ ውስጥ ያለ የሕንድ መሬት፣ በዚያ ውስጥ ያለ የባንግላዴሽ መሬት፣ በዚያም ውስጥ ያለች የሕንድ መሬት ነበረች። የኤንክሌቮቹ ነዋሪዎች ወደ ገዛ አገራቸው ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋቸው ነበር። ቪዛውን ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ ድንበሩን ሾልከው ማለፍ ግድ ነበር። የከበባቸው አገር ዜጎቼ አይደሉም ይል ነበር፣ የራሳቸው አገር ደግሞ ሊደርስላቸው አይችልም ነበር። መብራትና ትምህርት ቤት ከየት ይምጣ?

የሕንዷ መሪ ኢንድራ ጋንዲና የባንግላዴሹ መሪ ሼክ ሙጂቡር ራህማን የመሬት ልውውጡን የፈረሙት በ1974 ነበር። ተግባራዊ የሆነው ግን ከ41 ዓመት በኋላ፣ በ2015 ነው። ሕንድ ወደ 17 ሺህ ኤከር ሰጥታ ወደ 7 ሺህ ስለምትቀበል፣ ሕገ መንግሥቷን ማሻሻል ነበረባት። መሬት የሚሰጥ ፖለቲከኛ ደግሞ የትም አገር ድምፅ አያገኝም። ነዋሪዎቹ ዜግነት እንዲመርጡ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ከቤታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ ወደ ሕንድ የተሻገሩት አንድ ሺህ እንኳ አይሞሉም።

ዳሃግራም ግን ከልውውጡ ውጪ ሆና ቀርታለች። ዛሬም በሕንድ የተከበበች የባንግላዴሽ መሬት ናት። ከአገሯ የሚያገናኛት ቲን ቢጋ የሚባል ጠባብ መተላለፊያ ሲሆን፣ ሌት ተቀን ክፍት የሆነው ከ2011 ወዲህ ነው።